ስትሞላ

«ወንድሜ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትነሱት?»

«ስትሞላ ነዋ!»

ቀኑ 16 ነበር፤ ኪዳነ ምሕረት። እናቴን ይዤ ዘጌ ልሄድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጣና ዳር ተገኝቻለሁ። ጀልባዋ ውስጥ እኛን ጨምሮ 5 ሰው ነው ያለው። ባለጀልባው ልጅ እግሩን ሰቅሎ ቆሎ ይቆረጥማል። ሰዓት አላሰረም። ስልኩንም አያይም። የሚያየው ወንበሩን ነው። ባዶ ወንበር ካለ ጊዜው አልደረሰም፤ ከሌለ ደርሷል። በቃ።

እናቴ ጥላዋን ዘርግታ መቁጠሪያዋን ይዛለች። እኔ የምይዘው አልነበረኝም። ሐሳቤ ሄዶ ሄዶ ከ11 ዓመት በፊት መልስ ያጣሁለት ጥያቄ ላይ አረፈ። ሳቄ መጣ። ያኔ ተንተባትቤ ያልወጣልኝን መልስ ይሄ ቆሎ የሚቆረጥም ልጅ በአንድ ቃል ጨርሶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባዮሎጂ ተምሬ ስጨርስ የመመረቂያ ጽሑፌን 3 መምህራን ፊት ቆሜ አቀረብኩ። ስለ ባክቴሪያ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሳጠና ያደርኩት የዲኤንኤ (ሴል ለልጁ የሚያወርሰው የዘር ጽሑፍ) አቀዳድ ነው፤ የትኛው ኢንዛይም፣ ማለትም ሠራተኛ ፕሮቲን፣ ይፈታል፣ የትኛው ይቀዳል፣ የትኛው ይለጥፋል። እንደ ዳዊት ነው የደገምኩት። ከመምህራኑ በዕድሜ ትልቁ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«እንዴት እንደሚቀዳ በደንብ ነግረሽናል» አሉ። «አሁን ደግሞ መቼ እንደሚጀምር ንገሪን። ጀምር የሚለው ማነው?»

የማውቀውን ኢንዛይም ሁሉ እንደገና ደረደርኩ።

«ሞተሩን አይደለም የጠየቅኩሽ ልጄ። ቁልፉን የሚያዞረውን ነው።»

ዝም አልኩ። አለፍኩ፤ ውጤቱም አልከፋም። ጥያቄው ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ዛሬ የምሠራው ከውኃ ጋር ነው። የጉድጓድ፣ የምንጭ፣ የቧንቧ ውኃ ናሙና ይመጣልኛል፤ ኢ. ኮላይ እንዳለበት እመረምራለሁ። ኢ. ኮላይ በእኛም በከብቶቻችንም አንጀት ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። አብዛኛው ዘሩ ጉዳት የለውም። ውኃ ውስጥ ከተገኘ ግን ያ ውኃ ሰገራ ነክቶታል ማለት ነው። ውኃውን በስስ ማጣሪያ አሳልፋለሁ፣ ማጣሪያውን ምግብ ያለበት ሳህን ላይ አስተኛለሁ፣ ሙቀቱ የተስተካከለ ሳጥን ውስጥ አሳድረዋለሁ። ማታ በዓይን የሚታይ ነገር የለም። ጠዋት ስከፍተው ነጥብ ነጥብ ብሏል። እያንዳንዱ ነጥብ ውስጥ ሚሊዮኖች አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም የአንድ ሴል ልጆች ናቸው።

ኢ. ኮላይ ምግብና ሙቀት ከተመቸው በ20 ደቂቃ አንዴ ለሁለት ይከፈላል። በወረቀት ላይ ብናሰላው አንድ ሴል በ10 ሰዓት ውስጥ 30 ጊዜ ይከፈላል፤ ከ1 ቢሊዮን በላይ ይሆናል። በተግባር ምግቡ ቀድሞ ስለሚያልቅ እዚያ አይደርስም። ይድረስም አይድረስ፣ እያንዳንዱ ልጅ ሙሉ የዲኤንኤ ግልባጭ ይዞ መውጣት አለበት። ግማሽ ይዞ የወጣ ልጅ አይኖርም።

የሚቀዳው ነገር ደግሞ ትንሽ አይደለም። የኢ. ኮላይ ክሮሞሶም፣ ማለትም የዲኤንኤው ክር፣ አንድ ነው፤ እንደ ቀለበት ክብ ነው፤ 4.6 ሚሊዮን ያህል ጥንድ ፊደል አለው። ቢዘረጋ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ባክቴሪያው ራሱ ርዝመቱ የሚሊሜትር 500ኛ ነው። ከራሱ በ700 እጥፍ የሚረዝም ክር አጣጥፎ ውስጡ ይዞ ነው የሚኖረው ማለት ነው።

ይህን ቀለበት ከፈለገው ቦታ ተነስቶ አይቀዳውም። እ.ኤ.አ. በ1963 ፍራንሷ ጃኮብ፣ ሲድኒ ብሬነርና ፍራንሷ ኩዛን አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ ክሮሞሶሙ ላይ የታወቀ መነሻ ቦታ አለ፤ እዚያ ቦታ ላይ እየመጣ «ጀምር» የሚል ፕሮቲንም አለ። ቦታውም ፕሮቲኑም በእጅ ሳይያዝ ነው እንግዲህ ይህን ያሉት። ሁለቱም በኋላ ተገኙ። መነሻው ኦሪ-ሲ ይባላል፤ ርዝመቱ 245 ፊደል ያህል ነው። ከ4.6 ሚሊዮን ውስጥ 245! ከዚያች ቦታ ሁለት ቀጂ ቡድኖች ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው ይነሳሉ፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ። ቀለበቱን ዞረው ከማዶ ይገናኛሉ። እያንዳንዱ ቡድን በሰከንድ 1,000 ፊደል ገደማ ይቀዳል። ግማሹ ቀለበት 2.3 ሚሊዮን ነውና ሥራው 40 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል።

ልብ በሉ፤ መቅዳቱ 40 ደቂቃ፣ መከፈሉ 20 ደቂቃ።

ሒሳቡ እምቢ አለ አይደል? እኔም ተማሪ ሆኜ ይህን ሁለት ቁጥር በተለያየ ገጽ ላይ አንብቤዋለሁ፤ አንድ ላይ አስቀምጬ አላውቅም ነበር። ለመቅዳት 40 ደቂቃ የሚፈልግ ፍጡር በ20 ደቂቃ እንዴት ይወልዳል?

መልሱን እ.ኤ.አ. በ1968 ስቴፈን ኩፐርና ቻርልስ ሄልምስቴተር ሰጡ። ባክቴሪያው አንዱን ቅጂ ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል። የብራና ጸሐፊ አስቡ። ገና መጽሐፉን ሳያጋምስ የጻፋቸውን የመጀመሪያ ጥራዞች ተማሪው ተቀብሎ መገልበጥ ይጀምራል፤ የተማሪውን ደግሞ የተማሪው ተማሪ። መቅዳቱ 40 ደቂቃ ነው፤ ቅጂው አልቆ ሴሉ እስኪከፈል ደግሞ ሌላ 20 ደቂቃ አለ። በጠቅላላው 60። በየ20 ደቂቃው በሚወለድበት ቤት 60 ደቂቃ 3 ትውልድ ነው። ዛሬ የሚከፈለው ሴል የሚያወርሰው ቅጂ የተጀመረው አያቱ በተወለደች ሰዓት ነው ማለት ነው።

ይህንን አንድ ቀን ለእናቴ ነግሬያታለሁ። ቡና እያፈላች ነበር። «ታዲያ እነሱ ናቸው የሚሻሉት» አለችኝ፣ «አንቺ አለሽ እንጂ፣ የልጅ ልጄን ሳላይ ልታስቀሪኝ»። ከዚያ ወዲህ ስለ ኩፐርና ሄልምስቴተር እቤት ውስጥ አላነሳም።

እንግዲህ ጥያቄው ጠበቀ። ሥራው በዚህ መልኩ ከተደራረበ፣ መቼ እንደሚጀመር የሚወስነው ምንድን ነው? ሰዓት ቢሆን ቀላል ነበር። ግን ያው ኢ. ኮላይ ደካማ ምግብ ስታቀርቡለት በ20 ደቂቃ የሚሠራውን በሰዓታት ነው የሚሠራው። በሰዓት የሚሄድ ቢሆን ወይ በረሃቡ ጊዜ ቅጂ ይከመርበታል፣ ወይ በጥጋቡ ጊዜ ባዶ ልጅ ይወልዳል።

በዚያው በ1968 ዊሊያም ዶናኪ የሌሎችን መረጃ ሰብስቦ አሰላና አንድ የሚገርም ነገር አገኘ። ባክቴሪያው በፍጥነት ቢያድግም፣ እየተጎተተ ቢያድግም፣ ቅጂ የሚጀምርበት ጊዜ አንድ ምልክት አለው። የሴሉ ክብደት በውስጡ ላሉት መነሻ ቦታዎች ሲካፈል የሚደርሰው መጠን ሁሌም ተቀራራቢ ነው። አንድ መነሻ ካለው ይህን ያህል ሲያድግ ይጀምራል። ሁለት መነሻ ካለው እጥፉን ሲያድግ። አራት ካለው አራት እጥፉን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለክቷል፣ ብዙም ተከራክረውበታል፤ እኔ ካነበብኩት እንደተረዳሁት ግን ዋናው ነገር ቆሟል። ሰዓቱን አያይም። ወንበሩን ነው የሚያየው።

እና እዚያው ጣና ዳር ሆኜ ለመምህሬ መለስኩላቸው። ስትሞላ ነዋ!

በዚህ ጊዜ ጀልባችን 8 ሰው ሆናለች። አንዲት እናት እጣንና ጧፍ በፌስታል አንጠልጥለው ገቡ። ከእናቴ ጋር ወዲያው ወሬ ጀመሩ።

ግን እኮ «ስትሞላ» ግማሽ መልስ ነው። ጀልባዋ መሙላቷን የሚያየው ልጁ ነው። ባክቴሪያ ውስጥ ዓይን ያለው ማነው?

እዚህ ላይ ነው ዲና የምትመጣው። ያ «ጀምር» የሚለው ፕሮቲን በትክክለኛ ስሙ ዲኤንኤ-ኤ ነው፤ ከራሱ ከዲኤንኤ ጋር ምላስ ላይ እየተምታታ አስቸገረን፣ ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ዲና አልናት። ይቅርታ ይደረግልኝና እዚህም ዲና እላታለሁ። ዲና ሁለት መልክ አላት። ኤቲፒ የተባለውን የኃይል ቅንጣት ስትይዝ ሥራ ትሠራለች። ኤቲፒው ተሰብሮ ኤዲፒ ሲሆን ታስራ እንደተቀመጠች ናት። በመናኸሪያ ቋንቋ፣ ያልተቀደደ ትኬትና የተቀደደ ትኬት።

ሴሉ ባደገ ቁጥር ዲናም ትመረታለች። ኦሪ-ሲ ላይ እሷ የምትቀመጥባቸው 9፣ 9 ፊደል ያላቸው መቀመጫዎች ተደርድረዋል። አንዳንዶቹ ጠንካራ ናቸው፤ ዲና ከእነሱ ላይ አትነሳም ማለት ይቻላል። አንዳንዶቹ ልል ናቸው፤ ባለ ኤቲፒዋ ዲና ስትበዛ ብቻ ይያዛሉ። ስትበዛ ጎን ለጎን ተያይዘው ሰንሰለት ይሠራሉ፣ ዲኤንኤውን ይጠመዝዙታል። ከአጠገባቸው 13፣ 13 ፊደል ያላቸው ሦስት ደካማ ቦታዎች አሉ። ደካማነታቸው ኤና ቲ የሚባሉት ፊደሎች ስለሚበዙባቸው ነው። ኤና ቲ የሚያያዙት በ2 ማሰሪያ ነው፤ ጂና ሲ ግን በ3። ጥምዘዛው ሲበረታ ሸሚዙ ቁልፉ ከላላበት በኩል ይከፈታል። የተከፈተው ቦታ ላይ ፈቺው ኢንዛይም፣ ሄሊኬዝ፣ ይጫናል። አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ። ከዚህ በኋላ ያለው እኔ ያጠናሁት ነው። ሞተሩ።

ዲና የማስጀመር እንጂ የመቅዳት ሠራተኛ አለመሆኗ የታወቀው በሙቀት ነው። በ30 ዲግሪ በደህና የሚኖር፣ በ42 ዲግሪ ግን የዲና ፕሮቲኑ የሚበላሽበት የኢ. ኮላይ ዘር ተገኘ። ሙቀቱን ከፍ ሲያደርጉት ቅጂው ወዲያው ቀጥ አላለም። የተጀመረው ሁሉ እስከ መጨረሻው ተቀዳ። አዲስ ግን አንድም አልተጀመረም። ይህን ሙከራ በጣም እወደዋለሁ። ምንም የረቀቀ መሣሪያ ሳይኖር፣ ሙቀት ብቻ ጨምረው «መጀመር» እና «መቀጠል» የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ለዩ።

ደግሞ ይህ አጽናንቶኛል። የዲኤንኤ ቀጂውን ኢንዛይም ያገኘው አርተር ኮርንበርግ እ.ኤ.አ. በ1959 ኖቤል ተሸልሟል። የእሱ ላብራቶሪ ከኦሪ-ሲ የሚነሳውን ጅማሮ በሙከራ ቱቦ ውስጥ ያሳየው ግን እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ከሽልማቱ 22 ዓመት በኋላ! እሱም መጀመሪያ የያዘው ሞተሩን ነበር። እኔ በ11 ዓመት ምን አስቸኮለኝ።

አሁን ወደ ጣፋጩ ልምጣ። መጀመር ይከብዳል እንላለን። ለባክቴሪያ ከዚያ የሚብሰው አንዴ ከጀመሩ በኋላ ሌላ ዙር አለመጀመር ነው።

አስቡት። ዲና ሞልታለች፣ ቦታው ተከፍቷል፣ ቅጂው ተነስቷል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ መነሻው ራሱ ተቀድቷል፤ ሁለት ሆኗል። ዲና ገና እንደሞላች ናት። ለምን ወዲያው ሁለቱም ላይ አትቀመጥም? ከዚያ አራቱ ላይ? ከዚያ ስምንቱ ላይ? በላይ በላዩ የተነሱ ቀጂዎች እየተደራረሱ ክሩን ሰባብረው ሴሉን ይገድሉታል። ይህ ግምት አይደለም፤ መቆጣጠሪያቸው በተበላሸባቸው ዘሮች ላይ ታይቷል።

መከላከያው አንድ ብቻ አይደለም። ለኔ ከሁሉ የሚያምረው የመጀመሪያው ነው። ኢ. ኮላይ ዲኤንኤው ላይ ጂ-ኤ-ቲ-ሲ የሚል አራት ፊደል ባገኘ ቁጥር ኤዋ ላይ ትንሽ ምልክት ያደርጋል፤ ሚቲል ይባላል። ክሩ ሲቀዳ አሮጌው ዘርፍ ምልክቱ አለው፣ አዲሱ ገና የለውም። ቀለሙ እንዳልደረቀ ብራና ነው። ሌላው ቦታ ላይ ምልክት አድራጊው ኢንዛይም በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ደርሶ ያሟላዋል። ኦሪ-ሲ ላይ ግን እነዚህ አራት ፊደሎች 11 ጊዜ ተደጋግመው ይገኛሉ። ሴክ-ኤ የሚባል ፕሮቲን ደግሞ እንዲህ ግማሽ ምልክት ያለበትን ቦታ ሲያይ ዘሎ ይይዘዋል። መዳፉን ጭኖ ይሸፍነዋል። ለሴሉ ዕድሜ ሲሶ ያህል አይለቅም። ቀለሙ እስኪደርቅ ማንም አይነካም ነው ነገሩ። አስቀድሞ የተቀዳውንና ያልተቀዳውን የሚለየው ሰዓት ቆጥሮ ወይም መዝገብ ይዞ አይደለም፤ ቀለሙን አይቶ ነው።

መዳፉ ሲነሳስ? እስከዚያ ትኬቱ ይቀደዳል። ቀጂው ቡድን ክሩን ጨብጦ እንዳይወድቅ የሚረዳው አንድ ቀለበት አለ። ቀጂው ሥራውን እየሠራ ሲያልፍ ቀለበቶቹ ክሩ ላይ ይቀራሉ። እነዚህ ቀለበቶች ኤችዲኤ ከሚባል ፕሮቲን ጋር ሆነው ዲናን ያገኟታል፣ ኤቲፒዋን ያሰብሯታል። ዲና ወደ ኤዲፒ ተለወጠች። ይታያችሁ፣ የዲናን ትኬት የሚቀድደው ራሱ የጀመረችው ሥራ ነው። ሥራው መጀመሩ ነው ሌላ ሥራ እንዳይጀመር የሚከለክለው። በዚህ ላይ ክሮሞሶሙ ላይ ሌሎች ዲናን የሚስቡና የሚያስሩ ቦታዎች አሉ፤ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ዳርስ የሚባሉ ሁለት ቦታዎች ለዲና አዲስ ትኬት ይቆርጡላታል። ዝርዝሩ ብዙ ነው፤ እሱን እለፉት።

ትኬትና ጀልባ ስል ምሳሌው የሚንሻፈፍበት ቦታ እንዳለ አውቃለሁ። ጀልባ አንድ ናት። በፍጥነት የሚያድግ ኢ. ኮላይ ውስጥ ግን 4 ወይም 8 መነሻ በአንድ ጊዜ ይኖራል። እነ ኪርስተን ስካርስታድ እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳሳዩት ሁሉም ማለት ይቻላል አብረው ይነሳሉ። በአንድ ፊሽካ። ጣና ላይ ስምንት ጀልባ እኩል ሲነሳ አይቼ አላውቅም፤ ለንግሥ እንኳ ይጨቃጨቃሉ።

እናቴም ሊጥ የምታቦካው እንደዚሁ ሰዓት ሳታይ ነው። እርሾ ጨምራ ታስቀምጠዋለች፤ ውስጡ ባክቴሪያና እርሾ ፈንገስ ይርመሰመሳል። «መቼ ነው የሚጋገረው?» ስላት «ኩፍ ሲል» ነው የምትለው። በሚያዝያ ሙቀት ቶሎ ነው፣ በክረምት ይዘገያል። ሰዓት ነግራኝ አታውቅም። ልጅ ሆኜ ይህ ያናድደኝ ነበር፤ ትክክለኛ ነገር የማታውቅ ይመስለኝ ነበር። ሰዓት ብትነግረኝ ኖሮ ግን በሐምሌ ያልደረሰ ሊጥ እጋግር ነበር።

ሁሉም ባክቴሪያ እንደ ኢ. ኮላይ አይደለም። ካውሎባክተር የሚባል አለ። ሐይቅና ጅረት ውስጥ፣ ምግብ በሳሳበት ንጹሕ ውኃ የሚኖር ነው። ጣና ውስጥ ብፈልገው የማጣው አይመስለኝም። እሱ ሲከፈል የሚወልዳቸው ሁለት ልጆች አይመሳሰሉም። አንደኛው እግር አለው፤ ድንጋይ ወይም ቅጠል ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል። ሌላኛው ጅራት አለው፤ ይዋኛል። የተቀመጠው ወዲያው ቅጂ ይጀምራል። ዋናተኛው አይችልም። መነሻው ላይ ሲቲአር-ኤ የሚባል ፕሮቲን ተቀምጦ ዘግቶበታል። ዞሮ ዞሮ ጅራቱን ጥሎ፣ እግር አብቅሎ ሲቀመጥ ያ ፕሮቲን ይፈርሳል፤ መነሻው ይከፈታል።

ታናሽ ወንድሜ መተማ ነበር፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሐዋሳ፣ አሁን ደግሞ ሌላ ቦታ ሊሄድ ነው። በደወለ ቁጥር እናቴ የምትለው አንድ ነው፤ «ይርጋልኝ እንጂ ልጅስ ይመጣል»። ካውሎባክተርን ያነበብኩ ቀን ይህ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ስቄያለሁ። ወንድሜ ይህን ካነበበ ይቅርታ።

የኮሌራ ባክቴሪያ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ክሮሞሶሙ ሁለት ነው፤ አንዱ 3 ሚሊዮን ፊደል ያህል፣ ሌላው 1 ሚሊዮን ያህል። ሁለቱንም እኩል ቢጀምራቸው ትንሹ ቀድሞ ያልቅና ይጠብቃል። ስለዚህ ትንሹ ዘግይቶ ነው የሚጀምረው። እንዴት ያውቃል? ትልቁ ክሮሞሶም ላይ አንድ ምልክት ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ቀጂው ያንን ቦታ አልፎ ሲቀዳው ነው ለትንሹ «ተነሳ» የሚባለው። ሁለቱም በተቀራራቢ ሰዓት ያልቃሉ። ዶሮ ወጥ ሠርታችሁ ታውቁ የለ? እንቁላሉ ከቁሌቱ ጋር አይጀመርም። ሽንኩርቱ እዚህ ሲደርስ፣ ሥጋው እዚህ ሲደርስ ነው «እንቁላሉን ጣጂው» የሚባለው። ክፉ በሽታ ነው ኮሌራ፤ ወጥ አሠራሩን ግን አልነቅፍበትም።

ሲፕሮን የማያውቅ የለም። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሆድ ሲያመን የምንውጠው። ብዙ ሰው ሳይታዘዝለት ይውጠዋል፤ ይሄ ራሱን የቻለ ንዴቴ ነው፤ ሌላ ቀን። ሲፕሮ የሚመታው ከቀጂው ፊት ፊት እየሄደ የተወሳሰበውን ክር የሚያላላውን ኢንዛይም ነው። መንገድ ላይ ያለችውን ጀልባ መምታት እንደማለት። ዲናን የሚመታ፣ ጀልባዋን ገና ከወደቡ የሚያስቀር መድኃኒት ግን ፋርማሲ ሄዳችሁ አታገኙም። ተመራማሪዎች እየሞከሩ ነው። ሲፕሮን የለመዱ ባክቴሪያዎች በበዙበት ዘመን አንድ ቀን ቢሳካላቸው ደስ ይለኛል።

«ሞላ!» አለ ልጁ።

እውነትም ሞልታለች። የመጨረሻዋ ወንበር ላይ ጋቢ የለበሱ አባት ተቀመጡ። ልጁ የቆሎውን ላስቲክ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ገመዱን ፈታ፣ ሞተሩን ጎተተ። በአንድ ጊዜ አልነሳለትም። በሦስተኛው ተነሳ። ሰዓቴን አየሁ፤ 3 ሰዓት ከሩብ። አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ጠብቀናል። እናቴ አማተበች።

ሃምሳ ሜትር ያህል እንደሄድን ከዳር ጩኸት ሰማን። አንድ ጎረምሳ ነጠላውን እያውለበለበ ይሮጣል። «ኧረ ጠብቁኝ! በኪዳነ ምሕረት!» ከኛ መሀል «ተመለስለት እንጂ» ያሉ ነበሩ። ልጁ ዞር ብሎ አየው። ጎረምሳውን አየ፣ ወንበሮቹን አየ። ከዚያ ጋዝ ጨመረበት።

እኔም ዞር ብዬ አየሁ። ጎረምሳው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። ከሱ ጀርባ፣ እኛ በነበርንበት ቦታ፣ ሌላ ጀልባ ተጠግታለች። ሁለት ሴቶች ውስጧ ገብተው ጥላቸውን እየዘረጉ ነበር።